«እነማን ናቸው እነሱ?» በሜልበርን ላሉ ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዕድርና የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ አንድ ልጃችን መድረክ ላይ ወጥቶ ያቺን የተለመደች አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነበበ። የቆምንበት መሬት የዉሩንጄሪና የቡኑሮንግ ሕዝቦች ነው፣ ያለፉትንም ያሉትንም ሽማግሌዎቻቸውን እናከብራለን የምትለዋን። ልጁ በደንብ አነበበ። እኛ ግን አልሰማነውም። ግማሾቻችን ወንበር እንስባለን፣ ግማሾቻችን ስልክ እናያለን። ከኋላ ሻይ ይቀዳል። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ጠጋ ብለው «ምን እያለ ነው?» አሉኝ። «ለመሬቱ ባለቤቶች ክብር እየሰጠ ነው» አልኳቸው። «እነማን ናቸው እነሱ?» አሉ። ስብሰባው ተጀመረና ሳልመልስላቸው ቀረሁ።

ጥያቄያቸው ሲከነክነኝ ሰነበተ። እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆች አሳድገዋል፣ ዜግነት ወስደዋል፣ ድምፅ ሰጥተዋል። የአገሩን ባለቤቶች ግን አያውቋቸውም። አይፈረድባቸውም፤ ማንም አልነገራቸውም። እኔም ትንሽ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሳቸው መልስ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና ይዤ ነው።

ስለ ሁሉም አላወራም። ነጮች ሲመጡ ከ250 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩበት አህጉር ነበር። ስለ ሁሉም ላውራ ብል ስለ ማንም ሳላወራ እቀራለሁ። ስለዚህ አንድ መንደር ልንገራችሁ። ስሙ ዋሉንጉሩ ነው። ካርታ ላይ ኪንቶር ተብሎ ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ አባቴ።

አባቴን ታውቋቸዋላችሁ። አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ነበረባቸው። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ጠዋት አደርሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት እመልሳቸዋለሁ። ግራ ክንዳቸው ላይ ሐኪሞች ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝተው የሠሩት መስመር ነበር። እንደ ገመድ አብጦ የተጠማዘዘ። ጣት ሲያሳርፉበት ይነዝራል። ንብ የገባበት ቀፎ ነው የሚመስለው። ማታ ማታ ልጄ ጆሮዋን ትለጥፍበትና «ዛሬም እየዘፈነ ነው» ትላቸው ነበር።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመኙት። «ደብረ ታቦር ሁለት ወር ተቀምጬ ልምጣ።» አልሆነም። ሁለት ሦስት ቀን ከማሽኑ ከራቁ ሰውነታቸው ውኃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እዚያ ሆነው የሚታጠቡበትን መንገድ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። የሄዱት በመጨረሻ ነው፣ በሳጥን። የሸኛችኋቸው እናንተ ናችሁ። ወረቀቱን የጨረሳችሁት፣ የአውሮፕላኑን የከፈላችሁት፣ እናቴን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ያስለቀሳችሁት። ውለታችሁን አልረሳም። ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእናንተ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በረሃው።

እንደምታውቁት የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ከአዴላይድ አሊስ ስፕሪንግስ ድረስ 1500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያንን መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩበት ቁጥሩን ረስቻለሁ። አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ መሃል የሚያልፍ ወንዝ አለ። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ውስጥ ትልልቅ ባሕር ዛፎች ቆመዋል። እኛ አገር የምናውቀው ባሕር ዛፍ የሄደው ከዚህች አገር ነው፤ ሳየው ሁሌ ሆዴ ይባባል። ከዛፎቹ ሥር አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ለዓመታት አይቼ አልፌአቸዋለሁ። እኛ ሾፌሮች ስንገናኝ የምንለውን ታውቃላችሁ። «መንግሥት ይከፍላቸዋል፣ እነሱ ይጠጡበታል።» እኔም ብያለሁ። ደጋግሜ ብያለሁ።

አባቴ ከሞቱ በኋላ ባለው ክረምት ነው። አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለመክፈል ተሰልፌ ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። መልሳቸውን ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ የሹራባቸው እጅጌ ተሰበሰበ። ክንዳቸውን አየሁ። የአባቴ ክንድ ነው። ያው የተጠማዘዘ ገመድ፣ ያው የመርፌ ጠባሳ፣ ያው ትንሽ የጥጥ ፋሻ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ውጭ ተከትያቸው ወጣሁና በምልክት ክንዳቸውን እያሳየሁ «አባቴ» አልኳቸው። ገባቸው። ከየት እንደመጡ ጠየቅኳቸው። «ኪንቶር» አሉኝና በከንፈራቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱኝ። በጣም ሩቅ መሆኑን ለማሳየት ከንፈራቸውን ረዘም አድርገው ነው ያሾሉት።

ኪንቶር ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ምዕራብ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው መንገድ አስፋልት የለውም፤ ቀይ አሸዋና ኮረት ነው። ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። የሚኖረው ሰው ከ400 ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔ መንደሩ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የእነሱ መሬት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ደግሞም ልክ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለዚያ ቦታ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ።

ሰዎቹ ፒንቱፒ ይባላሉ። ራሳቸውን «ያናንጉ» ይላሉ፣ ሰዎች ማለት ነው። አገራቸው ጊብሰን በረሃና ማኬይ የሚባለው ትልቅ የጨው ሐይቅ አካባቢ ነው። ሐይቁን እነሱ ዊልኪንካራ ነው የሚሉት። ወንዝ የለም። ውኃ ያለው ዓለት ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድና አሸዋ ተቆፍሮ በሚወጣ ምንጭ ነው። የት እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ያንን ዕውቀት የያዙት በዝማሬ ነው። አባቶች በዘመነ ፍጥረት ምድሪቱን ሲያቋርጡ የት ቆሙ፣ ምን አደረጉ፣ የትኛው ኮረብታ ምን ሆኖ ቀረ የሚለውን «ትጁኩርፓ» ይሉታል። ሃይማኖትም ነው፣ ሕግም ነው፣ ካርታም ነው። ሴቶቹ የሣር ፍሬ ለቅመው በድንጋይ ይፈጫሉ። ወንዶቹ ካንጋሩና በረሃ ላይ የሚኖረውን ትልቁን እንሽላሊት ያድናሉ። ማን ማንን ማግባት እንደሚችል የሚወስን የዘር አቆጣጠር አላቸው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንደምንጋባው እነሱም ስምንት ክፍል አላቸው፤ ሰው ሲወለድ የክፍሉን ስም ይዞ ይወለዳል፣ የወንዱ በ«ትጀ» የሴቷ በ«ነ» ይጀምራል።

አንድ ቃላቸው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። «ንጉራ» ይላሉ። ያደሩበት ሰፈርም ንጉራ ነው። ቤትም ንጉራ ነው። አገርም ንጉራ ነው። «አገር ቤት» የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከዚያ አገር ያስወጣቸው ምንድን ነው? ብዙ ነገር ነው። ድርቅ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ምሥራቅ፣ ዱቄትና ስኳር ወደሚታደልበት ጣቢያ የሄዱ አሉ። ዋናው ግን በ1960ዎቹ መጣ። ብሉ ስትሪክ የሚባል የእንግሊዝ ሮኬት ደቡብ አውስትራሊያ ካለው ዉሜራ መተኮሻ ከ1964 ጀምሮ ይሞከር ነበር። የሚበረው በእነሱ ሰማይ ነው። የመንግሥት መኪኖች በረሃውን እያሰሱ በየውኃው ዳር ያገኙትን ቤተሰብ ያናግሩ ጀመር። ብዙዎቹም ተጭነው ፓፑንያ ወደሚባል ሰፈራ መጡ።

ፓፑንያ ከአሊስ ስፕሪንግስ 240 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የመንግሥት ሰፈራ ነው። የጊዜው ፖሊሲ እነዚህን ሰዎች እንደ ነጭ ማድረግ ነበር። በአንድ የጋራ አዳራሽ ይበላሉ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። አራት አምስት ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች በአንድ ላይ ታጎሩ። ከበረሃ የመጡት ፒንቱፒዎች ለጉንፋንና ለኩፍኝ መከላከያ የሌለው ሰውነት ይዘው ነው የደረሱት። ብዙዎቹ በመጡበት በመጀመሪያው ጊዜ ውስጥ ሞቱ። የቀሩት ድንኳናቸውን የተከሉት በሰፈራው ምዕራብ በኩል ነበር፤ ወደ አገራቸው አቅጣጫ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቀጥሎ የሆነው ነገር ደስ ስለሚለኝ ነው። በ1971 ጄፍሪ ባርደን የሚባል ወጣት የሥዕል አስተማሪ ፓፑንያ መጣ። ልጆቹ ካውቦይ ሲሥሉ ያያል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ለማስረዳት ሲፈልጉ በጣታቸው አሸዋ ላይ ክብና መስመር ይሠራሉ። በዚያው ዓመት ሽማግሌዎቹ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ የማር ጉንዳን ታሪክ ሣሉበት። የራሳቸውን ትጁኩርፓ፣ በራሳቸው ምልክት፣ በመንግሥት ግድግዳ ላይ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልተቻለም። በወዳደቀ ጣውላና በጣሪያ ቁርጥራጭ ላይ ሁሉ ሣሉ። በ1972 ፓፑንያ ቱላ የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ዛሬም አለ፣ ዛሬም ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። ግድግዳው በ1974 ቀለም ተቀብቶ ሥዕሉ ጠፋ። ይህንን ሳነብ ተናድጄ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። አሁን በየዓለሙ ሙዚየም የምናየው የነጠብጣብ ሥዕል ግን የተወለደው እዚያ ነው። ውበት ብቻ አይደለም። ክቡ የውኃ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ አባቶች የሄዱበት መንገድ። የመሬት ካርታና የይዞታ ማስረጃ ማለት ነው፣ ማንበብ ለሚችል።

ደግሞም ይዞታ ሆኖ አገለገላቸው። በ1976 በሰሜን ግዛት ለአቦርጂናል ሕዝቦች፣ ማለትም ለነባሮቹ የአገሩ ባለቤቶች፣ መሬታቸውን የሚመልስ ሕግ ወጣ። ፒንቱፒዎች ሃያ ዓመት ያህል ወደ ምዕራብ ሲያዩ ከኖሩ በኋላ በ1981 ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ማንም አላዘዛቸውም። ኪንቶር ላይ የጉድጓድ ውኃ ነበር፤ ከጎኑ ሰፈሩ። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ደግሞ አንዳንዶቹ ወደ ምዕራብ ቀጥለው ኪዊርኩራን መሠረቱ። ኪዊርኩራ ከአሊስ ስፕሪንግስ 700 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በአውስትራሊያ ከሁሉ የራቀው መንደር ነው ይሉታል። ከማን እንደራቀ ግን አይናገሩም። ለእነሱ ከሁሉ የቀረበው እሱ ነው።

በ1984 ጥቅምት አካባቢ ኪዊርኩራ አቅራቢያ አንድ ቤተሰብ ከበረሃ ወጣ። ዘጠኝ ሰዎች። እስከዚያ ቀን ከነጭ ጋር ተገናኝተው አያውቁም። ጋዜጦች «የጠፋው ነገድ» ብለው ጻፉ። ዘመዶቻቸው ግን የት እንደሚንቀሳቀሱ ይገምቱ ነበር፤ አገራቸው ላይ ያለ ሰው አልጠፋም። ከዘጠኙ አንዷ ዩኩልትጂ ናፓንጋቲ ናት። ያኔ ገና ልጅ ነበረች። በ2018 ዊን የተባለውን ታዋቂውን የአውስትራሊያ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሽልማት ወሰደች። የሣለችው የዚያን አገር አሸዋ ነው።

እንግዲህ አገራቸው ገቡ። የተከተላቸው ግን በሽታ ነው። የዱቄት፣ የስኳርና የሻይ ዘመን ስኳር በሽታ አመጣ። በአንድ ቤት አሥር አሥራ አምስት ሰው ሲጨናነቅ ልጆች ቆዳቸው ይቆስላል፣ ያ ቁስል ሳይታከም ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል። በማዕከላዊ አውስትራሊያ በረሃ የኩላሊት መድከም ከአገሪቱ አማካይ ብዙ እጥፍ ነው። ማሽኑ ደግሞ ያኔ አሊስ ስፕሪንግስ ነበር ያለው። ስለዚህ በ1990ዎቹ የኪንቶር ሽማግሌ ኩላሊቱ ሲደክም የሚሰጠው ምርጫ ይህ ነበር። አገርህን ትተህ፣ የልጅ ልጆችህን ትተህ፣ ቋንቋህን በማይሰሙ ሰዎች ከተማ እስክትሞት ኑር፤ ወይም ቤትህ ተመለስና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙት። ተመልሰው የሞቱ አሉ። ከተማ የቀሩት ማደሪያ ሲያጡ ያ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ያድሩ ነበር።

ወንዙ ውስጥ የማያቸው ሰዎች እነማን እንደነበሩ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። በእርግጥ ሁሉም በሽተኛ አይደለም፣ የሚጠጣም አለ። ግን ከአጠገባቸው አልፌ «ሰካራም» ካልኳቸው መካከል ስንቱ ከማሽን ተነሥቶ ደክሞት የተኛ ነበር? አባቴ ከሆስፒታል ሲወጡ እንዴት ይንገዳገዱ እንደነበር አውቃለሁ። መኪና ውስጥ ሳስገባቸው አላፊ አግዳሚው ምን ብሎ ያያቸው ይሆን?

መንግሥትን ጠየቁ፣ ማሽኑን ወደ ኪንቶር አምጡልን አሉ። አይቻልም ተባሉ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ውኃው ጨዋማ ነው፣ ነርስ አይገኝም፣ ዋጋው አይቀመስም። የውኃው ነገር እውነት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ለማጠብ ከ100 ሊትር በላይ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል። በበረሃ መሃል።

ያኔ ያደረጉትን ነው እንድትሰሙልኝ የምፈልገው።

2000 ዓ.ም. ሲድኒ ኦሊምፒክን ሁላችንም እናስታውሳለን። መስከረም 25 ማታ ኃይሌ ቴርጋትን በደረት የቀደመባት ማታ። ያቺው ማታ፣ በዚያው ስታዲየም፣ የአቦርጂናል ልጅ የሆነችው ካቲ ፍሪማን የ400 ሜትሩን ወርቅ ወስዳለች። እኛ በየቤታችን ለኃይሌ ስንጮህ እነሱም በየቤታቸው ይጮሁ ነበር። ከዚያ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ በዚያችው ሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አንድ ጨረታ ተደረገ። የኪንቶርና የኪዊርኩራ ወንዶችና ሴቶች ሥዕል ሣሉ፤ ከመካከላቸው ብዙ ሰዎች በጋራ ተቀምጠው የሣሏቸው ትልልቅ ሸራዎች ነበሩ። ለራሳቸው አልሸጡም። ገቢው በሙሉ ለኩላሊት ማሽን ነው። በዚያ ምሽት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ዕድር ብለን የምንጠራው ይህንን አይደለም? የእኛ ዕድር የሞተውን አገሩ ያደርሳል። የእነሱ ዕድር ደግሞ ሰው ሳይሞት አገሩ እንዲገባ ነው የተነሣው።

በገንዘቡ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ሙሉ ስሙ ዌስተርን ዴዘርት ንጋናምፓ ዋልትጃ ፓልያንትጃኩ ትጁታኩ ነው። «ቤተሰቦቻችንን ሁሉ ደኅና ማድረግ» ማለት ነው። ሰው ግን ፐርፕል ሃውስ ብሎ ነው የሚያውቀው፤ አሊስ ስፕሪንግስ ያለው ቤታቸው ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ስለሆነ። በ2004 ኪንቶር ላይ የመጀመሪያው እጥበት ተደረገ። አይቻልም የተባለው ሆነ። ዛሬ ሃያ ያህል ሩቅ መንደሮች ውስጥ ማሽን አላቸው። ማሽን የተገጠመለት ሐምራዊ የጭነት መኪናም አላቸው፤ ለቀብር፣ ለበዓል፣ ለሥርዓት ወደ አገራቸው መሄድ የሚፈልጉ በሽተኞችን ይዞ የሚዞር። መኪናውን አንዴ አሊስ ስፕሪንግስ ቆሞ አይቼዋለሁ። እኔ መኪና አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ጭነት ግን ጭኜ አላውቅም። በ2018 ደግሞ የአገሪቱ የመንግሥት ጤና መድን ሜዲኬር በሩቅ መንደር ለሚደረግ እጥበት መክፈል ጀመረ። በሥዕል የተጀመረ ነገር ሕግ ሆነ።

ቤቱ ውስጥ ማሽን ብቻ አይደለም ያለው። ግቢው ውስጥ እሳት ይነድዳል። የካንጋሩ ጭራ በፎይል ተጠቅልሎ አመድ ውስጥ ይቀበራል። ተራውን የሚጠብቅ በሽተኛ እሳት ዳር ይቀመጣል። አባቴ ያንን ወንበራቸውን፣ ያንን ነጭ ኮርኒስ እያዩ «ቡና እንኳ ቢሸት» ይሉ ነበር።

ታዲያ ነዳጅ ማደያ ያገኘኋቸው እናት ለምን አሊስ ስፕሪንግስ ነበሩ? ወረፋ ነው። መንደሮቹ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ጥቂት ናቸው፣ በረሃ ሄዶ የሚሠራ ነርስም በበቂ አይገኝም። በሽተኛው ብዙ ነው። ስለዚህ በተራ ይሄዳሉ። ተራቸውን ነበር የሚጠብቁት።

«ለምን ከተማ አይገቡም?» የሚል ሰው በመካከላችን አለ። ይህን ያለው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። በ2014 የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት እስከ 150 የሚደርሱ ሩቅ መንደሮች ሊዘጉ እንደሚችሉ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት በእነዚያ መንደሮች መኖርን የአኗኗር ምርጫ ብለው ጠሩት። ሕዝቡ ሜልበርን መሃል ሳይቀር ሰልፍ ወጣ። እኔ ያኔ ትራፊኩ ዘጋብኝ ብዬ ነው የተናደድኩት። አሁን ግን እጠይቃለሁ። አባቴ ደብረ ታቦርን መመኘታቸው የአኗኗር ምርጫ ነበር? እኛ በገዛ ፈቃዳችን ከአገራችን ወጥተን ይህን ያህል ከተንገበገብን፣ ሮኬት ሊያልፍ ነው ተብሎ የተነሣ ሰው ምን ይሰማዋል?

በ2023 ጥቅምት የአቦርጂናል ሕዝቦች ድምፅ በሕገ መንግሥቱ ይግባ ወይ ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ድምፅ ሰጥተናል። ማን ምን እንደመረጠ አልጠይቅም። ከአገሪቱ ስድሳ ከመቶ ያህሉ አይሆንም አለ። ያሳዘነኝ የእኛ ሰዎች ምርጫ ሳይሆን ወሬያችን ነበር። «እኛን አይመለከተንም» ነበር ወሬው።

ይመለከተናል። ልመናዬ እነሆ።

በስብሰባችን መጀመሪያ የሚነበበው አንቀጽ በአማርኛም ይነበብ። እናቶቻችንና አባቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ፣ ወንበር መሳብ ቆሞ፣ ሻይ መቅዳት ቆሞ። ትርጉሙን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከምታርሙት ጋር ተቀምጬ አስተካክለዋለሁ። የሚቻል ከሆነም ከዉሩንጄሪ ሽማግሌዎች አንዱን በክብር ጋብዘን እንስማቸው። እንግዳ እንደምንቀበል አድርገን እንቀበላቸው፤ እንግዶቹ እኛ ብንሆንም።

ሁለተኛው የገንዘብ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ዕድራችን ለፐርፕል ሃውስ እንዲያዋጣ እጠይቃለሁ። ከአንድ አባል አሥር ዶላር ይበቃል። ብዙ ገንዘብ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ከዕድር የመጣ መሆኑን ሲያውቁ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። የአባቴ ሙት ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። የዘንድሮውን ዝክር ቀለል አድርገን፣ የተረፈውን ለዚህ እንድናውለው እናቴም ተስማምታለች።

ነርሶቻችንን ደግሞ ለብቻ ልለምን። በመካከላችን የእጥበት ነርሶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አባቴን እጃቸው ላይ ያቆዩአቸው እናንተ ናችሁ። ለስድስት ሳምንትም ለሦስት ወርም በረሃ ሄዶ የሚሠራ ነርስ ይፈለጋል። አንድ ነርስ ሲገኝ አራት አምስት ሽማግሌ ቤቱ ይገባል። ልጆች ያላችሁ ይከብዳችኋል፣ ይገባኛል። የምትችሉ ግን አስቡበት።

ሾፌር ወንድሞቼ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ያንን ወሬ እናቁም። አሊስ ስፕሪንግስ ስትደርሱ ወንዙ ዳር የምታዩአቸውን ሰላም በሏቸው። እጅጌያቸውንም ተመልከቱ።

እኚያን እናት ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ስማቸውንም አልጠየቅኋቸውም። በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ለረጅም ጊዜ አይጠራም፤ ያንን ስም የያዘ ሌላ ሰው እንኳ ካለ «ኩማንትጃይ» ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ አርፈው ከሆነ አሁን ብጠይቅም መልስ የማገኝ አይመስለኝም። ነዳጅ ማደያው በር ላይ ከመለያየታችን በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ። ክንዳቸውን ወደ እኔ አቀረቡና ጣቴን ይዘው መስመሩ ላይ አሳረፉት። ይነዝራል። ሳቁ። ከዚያ እንደገና በከንፈራቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱኝና ሁለት ጣታቸውን አነሡ። ሁለት ሳምንት ይሁን ሁለት ወር አልገባኝም።

ትርጉሙን ይዤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እገኛለሁ። «እነማን ናቸው እነሱ?» ያሉኝን አባት ከጎኔ እንዲቀመጡልኝ እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዕድሩ አባል፣ ከፉትስክሬይ